የሳይንስና የሂሳብ መምህራን ዝግጅት ከዩኒቨርስቲ እስከ ላስታ ደጋ፤ ታሪካዊ ቅኝት

መግቢያ

የሳይንስና የሂሳብ ትምህርት በአንድ አገር ሥር እንዲሰድ ከተፈለገ፣ በዩኒቨርስቲ ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከሚማሩት ወጣቶች መካከል በቂ ቁጥር ያላቸው ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰው መምህር መሆን አለባቸው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን የኢትዮጵያን የትምህርት ባለሙያዎች ከሰባ ዓመታት በላይ ሲያነጋግር የኖረ ጥያቄ ነው። ወጣቱ አስቀድሞ የትምህርቱን ዓይነት ጠንቅቆ ይወቅና የማስተማሩን ዘዴ በኋላ ይማር ወይስ ሁለቱን ጎን ለጎን ያጥና? መምህርነትን ወዶ ይግባበት ወይስ በምደባ ይሰጠው? ከተመረቀ በኋላስ ከዋና መንገድ ርቆ በሚገኝ ትምህርት ቤት ምን ያቆየዋል?

በዚህ ጽሑፍ የእነዚህ ጥያቄዎች ታሪክ በአጭሩ ይቃኛል፤ መመልከቻውም በሰሜን ወሎ የሚገኘው የላስታ ደጋ ነው። ላስታ የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፣ አካባቢው ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ጀምሮ የራሱ የሆነ መምህርን የማፍራት ልማድ የነበረው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በአዲስ አበባ የሚወጣ የመምህራን ሥልጠና ዕቅድ ብርታቱም ሆነ ድካሙ ጎልቶ የሚታየው እንደ ላስታ ባሉ ተራራማና ራቅ ያሉ ወረዳዎች መሆኑ ነው።

1. የቀድሞው ልማድ

በላሊበላና በዙሪያዋ ባሉ አድባራትና ገዳማት ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። ከእነዚህም ጋር የበዓላትንና የአጽዋማትን ዕለት የሚያስገኘው ባሕረ ሐሳብ አለ። ይህ ትምህርት ለሂሳብ መምህር ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። አሠራሩም የሚከተለው ነው። በ5,500 ዓመተ ዓለም ላይ የያዝነው ዓመተ ምሕረት ይደመራል፤ ድምሩ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው ላይ አንድ ሲቀነስ ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ ነው፤ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው ደግሞ መጥቅዕ ነው።

ለምሳሌ 2017 ዓ.ም.ን ብንወስድ፣ 5,500 እና 2,017 ሲደመሩ 7,517 ይሆናሉ። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121 ስለሚሆን አበቅቴው 1 ነው፤ 11 በ19 ሲባዛ 209 ስለሚሆን መጥቅዑ 29 ነው። የሁለቱ ድምር 30 ነው። ድምሩ ዘወትር 30 የሚሆነው ለምንድን ነው? 11 እና 19 ራሳቸው ሲደመሩ 30 ስለሚሆኑ ነው። ሊቃውንቱ ዓመቱን በቀጥታ ለ19 ከማካፈላቸው በፊት አስቀድመው ለ532፣ ቀጥለውም ለ76 ያካፍሉታል። ሁለቱም ቁጥሮች የ19 ብዜቶች በመሆናቸው የመጨረሻው ቀሪ አይለወጥም። የዩኒቨርስቲ ተማሪ ይህንኑ ሐሳብ በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ኮርስ ውስጥ በሌላ ስም ያገኘዋል።

መምህሩ የሚፈራበት መንገድም ሊስተዋል ይገባል። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው የሚማረውና የሚያስተምረው በአንድ ጊዜ ነበር። የገፋው ተማሪ ታናሾቹን ያስቀጽላል፤ በቅኔ ቤት አስነጋሪ ሆኖ መምህሩን ያግዛል፤ መምህሩም ዕውቀቱን ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱን ለሌላ ማስተላለፉን ለብዙ ዓመታት አይቶ መርቆ ያሰናብተዋል። ይህ ልማድ የራሱ ጉድለት ነበረው፤ ዓላማው የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነበር፤ የሚደርሰው ለጥቂቶችና በአብዛኛው ለወንዶች ነበር፤ ከመጠየቅ ይልቅ በቃል መያዝን ያስቀድም ነበር። ሆኖም ዕውቀትንና ማስተማርን አለመነጣጠሉ፣ ዘመናዊው ሥልጠና ደጋግሞ ያጣውንና ደጋግሞም የፈለገውን ነገር የያዘ ነበር።

2. ከዩኒቨርስቲ ኮሌጅ እስከ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት

ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲጀመር መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ። ከጠላት ወረራ በኋላም መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ የሚሆኑ መምህራንን ለማሠልጠን በአዲስ አበባ፣ ቀጥሎም በሐረርና በሌሎች ከተሞች ማሠልጠኛዎችን ከፈተ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳይንስና የሂሳብ ክፍሎች ግን ለረጅም ጊዜ በሕንዶች፣ በእንግሊዞች፣ በካናዳውያንና በአሜሪካውያን እጅ ቆዩ።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምር ኢትዮጵያውያን ሳይንስን በአገራቸው በከፍተኛ ደረጃ የሚማሩበት በር ተከፈተ። ይሁን እንጂ ከዚያ የሚወጡት ጥቂት ምሩቃን የሚፈለጉባቸው መሥሪያ ቤቶች ብዙ ስለነበሩ ለትምህርት ቤት የሚተርፈው እጅግ አነስተኛ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ሲቋቋም የትምህርት ፋኩልቲ ከክፍሎቹ አንዱ ሆኖ ተደራጀ፤ ለማደራጀቱም የአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርስቲ እገዛ ነበረበት። የትምህርት ፋኩልቲውን በዲንነት የመሩት ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ ኋላ የዩኒቨርስቲው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በዚህ ፋኩልቲ አሠራር ዕጩ መምህሩ የትምህርቱን ዓይነት ከሳይንስ መምህራን ዘንድ፣ ሥነ ልቡናንና የማስተማር ዘዴን ከትምህርት ፋኩልቲ ዘንድ ጎን ለጎን ይማር ነበር።

የትምህርት ቤቶች ቁጥር ግን ከምሩቃኑ ቁጥር ቀድሞ ያድግ ነበር። ክፍተቱን ለመሙላት ሁለት እርምጃዎች ተወሰዱ። በ1955 ዓ.ም. ከ250 በላይ የሆኑ የአሜሪካ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተሰማሩ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተጀመረ። በዚህ መሠረት የዩኒቨርስቲው ተማሪ ትምህርቱን ከመፈጸሙ በፊት አንድ ዓመት በክፍላተ ሀገር እንዲያገለግል ግዴታ ሆነ፤ ከዘማቾቹ የሚበዙት የተመደቡት በመምህርነት ነበር።

የዩኒቨርስቲ አገልግሎቱ ለመምህራን ዝግጅት ታሪክ የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል፣ ሳይንስ የሚያጠናው ወጣት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ተማሪ ይዞ ሲቆም፣ በወረቀት ላይ የሚያውቀው ቀመር ለሌላ ሰው የሚገባው በምን ዓይነት ምሳሌ እንደሆነ ራሱን እንዲጠይቅ አስገድዶታል። ከዚያም ወደ ዩኒቨርስቲው ተመልሶ ትምህርቱን ስለሚቀጥል፣ የክፍል ልምዱን ይዞ ተጨማሪ ለመማር ዕድል ነበረው። በሌላ በኩል፣ ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ አዲስና ያልተዘጋጀ መምህር ይቀበል ነበር፤ ወጣቱ ሥራውን ለመድ ሲል ዓመቱ ያልቃል። የተማሪው ጥቅም ለዘማቹ ትምህርት ተሠዋ ማለት ባይቻልም፣ አገልግሎቱ የመምህር ዝግጅት ተብሎ ስላልታሰበ በዚያ ዓመት የሚከታተለውና የሚመክረው ነባር መምህር በአግባቡ አልተመደበለትም።

የላስታ ልጅ በዚያ ዘመን ከፍ ያለ የሳይንስ ትምህርት ለመከታተል ከቀዬው ወጥቶ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ እንደ ደሴው ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ወዳሉት የከተማ ትምህርት ቤቶች መውረድ ነበረበት። በዚህም ምክንያት ከደጋው ወጥቶ የሳይንስ ምሩቅ የሚሆን ሰው ቁጥሩ ጥቂት ነበር፤ ተመርቆ ተመልሶ በዚያው የሚያስተምር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር።

3. ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.

በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ፤ ዩኒቨርስቲውም የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ተባለ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በእነዚህ ዓመታት የትምህርት ቤትና የተማሪ ቁጥር በፍጥነት ጨመረ። የመምህራን ሥልጠናውም በተለያዩ ተቋማት ተከፋፈለ። የኮተቤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ ደረጃ መምህራንን ያወጣ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተመሠረተው የባሕር ዳር የመምህራን ትምህርት አካዳሚም የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠር ኑሮ ጋር የሚያዛምዱ ባለሙያዎችን ለማፍራት ታስቦ የተቋቋመ ነበር። የባሕር ዳሩ አካዳሚ ኋላ በ1992 ዓ.ም. ከፖሊቴክኒኩ ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርስቲ ሆነ።

የምሩቃን ምደባ በማዕከል ይካሄድ ስለነበር ራቅ ያለ ወረዳ መምህር የማግኘት ዕድሉ ከቀድሞው ሻል አለ። ምደባ መምህርን ወደ ደጋው ሊያደርሰው ይችላል፤ በደጋው ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። በ1966 ዓ.ም. አካባቢና በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ድርቅና ረኃብ፣ ከዚያም የእርስ በርሱ ጦርነት፣ የላስታን ትምህርት ቤቶች ደጋግመው አናውጠዋል። ቤተሰብ በተበተነበትና ወጣት በሸሸበት ወረዳ የትምህርት ዕቅድ ከወረቀት እንደማያልፍ የዚያ ዘመን ታሪክ በግልጽ አሳይቷል።

4. ከ1986ቱ ፖሊሲ እስከ ፕላዝማ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖረው አስቀመጠ፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። በ1995 ዓ.ም. የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ሲከለስ ሥልጠናው ከንግግር ወደ ተግባር እንዲያዘነብል፣ ዕጩ መምህሩም ገና ከጅምሩ በትምህርት ቤት ውስጥ ፕራክቲከም በሚባለው ልምምድ እንዲያልፍ ተደረገ። ሐሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን በዚያው ወቅት የዲግሪው ዘመን ከአራት ወደ ሦስት ዓመት በመውረዱ፣ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ የሂሳቡና የፊዚክሱ ይዘት፣ የሥነ ትምህርቱ ኮርስና የትምህርት ቤቱ ልምምድ እርስ በርስ ተሻሙ። የሳይንስ መምህራን ይዘቱ ሳሳ ብለው ቅሬታ ያሰሙት በዚህ ምክንያት ነበር።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ለሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ፣ የሂሳብና የሌሎች ትምህርቶች ዝግጅት በሳተላይት አማካይነት በፕላዝማ ቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመረ። ዓላማው በአዲስ አበባ የሚገኘውና በራቀ ወረዳ የሚገኘው ተማሪ አንድ ዓይነት ጥራት ያለው ትምህርት እንዲያገኙ ነበር። የፕላዝማው መምህር ግን አይጠብቅም፤ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ተማሪ ግራ ሲገባው አያይም፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ትምህርቱም ይቋረጣል። የክፍሉ መምህር የተሰጠው ድርሻ ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ማስተዋወቅና ማጠቃለል ሆነ። አዲስ ለተመረቀ የፊዚክስ መምህር ይህ ትልቅ ጉዳት ነበረው፤ ምክንያቱም ማስተማርን የሚለምደው በማስተማር ስለሆነ ነው።

5. የድኅረ ምረቃው ዲፕሎማ

በ2000 ዓ.ም. ከዩኒቨርስቲ ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ መስክ እንዲገቡ ተወሰነ። ይህም ብዙ የሳይንስ መምህር እንደሚያስፈልግ የሚያስገነዝብ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሌላ አቅጣጫ ተያዘ፤ ወጣቱ በመጀመሪያ በሂሳብ፣ በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪ ወይም በባዮሎጂ ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሠልጥኖ የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ያገኛል። በዚህ አሠራር የይዘት መሳሳት ይቀረፋል ተብሎ ታሰበ።

አንዱ ቀዳዳ ሲደፈን ሌላው ተከፈተ። ለሦስት ዓመት ራሱን እንደ ኬሚስት ወይም እንደ ሂሳብ ሊቅ ሲያይ የቆየ ወጣት በአንድ ዓመት ውስጥ ራሱን እንደ መምህር ማየት ይከብደዋል። በየጊዜው የተካሄዱ ጥናቶችም ወደ ዲፕሎማው ከገቡት መካከል ብዙዎቹ መምህርነትን የመረጡት ሌላ ሥራ ባለማግኘታቸው መሆኑን አመልክተዋል። ይህ በወጣቶቹ የሚፈረድበት ነገር አይደለም። ሥርዓቱ በመጀመሪያው ዓመት «መምህር ትሆናለህ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቃቸው፣ በአራተኛው ዓመት መልስ እንዲሰጡ የሚጠብቅ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የትምህርት ፍኖተ ካርታ የመምህራን ዝግጅት ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ያደረገውም በዚህ የተነሣ ነው። በቅርብ ዓመታትም ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርስቲ ሆኖ እንዲደራጅ ተደርጓል።

ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት የዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት እገዛ የተካሄደው የሳይንስና የሂሳብ ትምህርት ማጠናከሪያ ፕሮጀክት ደግሞ ሌላ መንገድ አሳይቷል። ፕሮጀክቱ ያተኮረው በሥራ ላይ ባሉ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መምህራን ላይ ነበር፤ መምህሩ ትምህርቱን እንዲያቅድ፣ ባልደረቦቹ እያዩት እንዲያስተምር፣ ከዚያም ተመካክሮ እንዲያሻሽል ይደረግ ነበር። ይህም ዝግጅት በምረቃ ቀን እንደማያበቃ ያስታውሳል።

6. ዝግጅቱ በደጋው ሲፈተን

የእነዚህ አሠራሮች ውጤት የሚለካው በክፍል ውስጥ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሳይንስ መጽሐፍ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በዚያ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ መፍሊያው ወደ 86 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር እየቀነሰ መሄዱ ነው። የላስታ ተማሪ በደጋ ንፍሮ ለመብሰል ጊዜ እንደሚወስድ ከእናቱ ማጀት ያውቃል። ይዘቱን ብቻ የሚያውቅ መምህር የግፊትን ቀመር ጽፎ ያልፋል። ዘዴውን ብቻ የሚያውቅ መምህር ተማሪዎቹን በቡድን አስቀምጦ «ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ብሎ ይጠይቅና 100 የሚለውን መልስ ይቀበላል። ሁለቱን አዋሕዶ የያዘ መምህር ግን ከንፍሮው ተነሥቶ ወደ ግፊት ይደርሳል፤ ቴርሞሜትር ካለውም ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲለኩና መጽሐፉ ያስቀመጠው ቁጥር በባሕር ወለል ግፊት የሚሠራ መሆኑን እንዲያገኙ ያደርጋል።

በሂሳብም እንዲሁ ነው። በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹት እኩል ክንድ ያላቸው መስቀሎች የምጣኔንና የመመሳሰልን ትምህርት ለመጀመር ከማንኛውም ሥዕል የበለጡ ናቸው። ባሕረ ሐሳቡም ከላይ እንደታየው የቀሪ ስሌት ሕያው ምሳሌ ነው። ነገር ግን እነዚህን ለማየት መምህሩ አካባቢውን ማወቅ፣ አካባቢውንም ለማወቅ በቂ ዓመታት መቆየት አለበት። በተጨማሪም በአንደኛ ደረጃ በአማርኛ ያሰበውን ተማሪ በእንግሊዝኛ ወደሚሰጠው የሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ የማሻገር ሸክም አለበት። ለዚህ ሥራ በዩኒቨርስቲ የሚሰጠው ዝግጅት አነስተኛ ሆኖ ቆይቷል።

ውጤቱ በአገር ደረጃ ታይቷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርስቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. ፈተና 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ የሁሉንም ትምህርቶች ድምር የሚያሳይ እንጂ የሳይንስና የሂሳብ መምህራንን ለብቻ የሚመዝን አይደለም፤ ሆኖም ከዚህ ጠባብ ወንፊት የሚያልፉት ናቸው የነገ መምህራን የሚመለመሉት።

ለሰሜን ወሎ ሌላም መከራ ተጨምሯል። በ2004 ዓ.ም. የተከፈተው የወልድያ ዩኒቨርስቲ የላስታን ልጅ በቅርብ የሚያስተምር ተቋም ነበር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲዘልቅ ዩኒቨርስቲው ተዘረፈ፤ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፤ ላሊበላም ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። የተሰበረ ማይክሮስኮፕ በገንዘብ ይተካል፤ ከክፍል ርቆ የቆየ ተማሪና ከወረዳው የሸሸ መምህር ግን በግዥ አይመለሱም።

ማጠቃለያ

የመምህርነትና የሳይንስ ጋብቻ ለሌላውም ዓለም ቀላል ሆኖ አያውቅም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1794 የመምህራን ትምህርት ቤት ሲመሠረት እንደ ላግራንዥና ላፕላስ ያሉ ታላላቅ የሂሳብ ሊቃውንት ራሳቸው ለዕጩ መምህራን አስተምረዋል፤ ሥራውንም ከክብራቸው በታች አላደረጉትም። በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርስቲ እ.ኤ.አ. በ1997 የጀመረው መርሐ ግብር ደግሞ የሳይንስና የሂሳብ ተማሪዎችን በመጀመሪያው ዓመት ጋብዞ በነባር መምህር ክትትል በትምህርት ቤት እንዲያስተምሩ ያደርጋል፤ የወደደው ይቀጥላል፣ ያልሆነለት ዲግሪው ሳይጓደል ይመለሳል።

ከአገራችን ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው። ጎን ለጎን የሚሰጠው ሥልጠና ጊዜው ሲያጥር ይዘቱን አሳሳ፤ ቀጥሎ የሚሰጠው ሥልጠና ደግሞ ፍላጎቱን አጣ። በመሆኑም የዕቅድ አውጪው ጥያቄ ከሁለቱ አንዱን በመምረጥ ብቻ አይፈታም። የሳይንስ ተማሪው ገና በጠዋቱ በክፍል ውስጥ ቆሞ ራሱን የሚፈትንበት ጊዜ፣ የሚመክረው ልምድ ያለው መምህር፣ ለይዘቱም ሆነ ለልምምዱ የማይጠብ ዘመን ያስፈልገዋል። የቀድሞው የዩኒቨርስቲ አገልግሎት የመጀመሪያውን ሰጥቶ ሁለተኛውን ነፍጎ ነበር፤ ፕራክቲከሙ ሁለተኛውን አስቦ ሦስተኛውን አጣ።

ላስታን ለመሰሉ ወረዳዎች ደግሞ አራተኛ ነገር ይጨመራል፤ እርሱም ከዚያው ከደጋው የወጣውን ልጅ መመልመልና ሲመለስ የሚያድርበትን ቤት፣ የሚሠራበትን ቤተ ሙከራ፣ የሚያድግበትንም መንገድ ማዘጋጀት ነው። ይህ ሁሉ የሚሰምረው ሰላም ሲኖርና ትምህርት ቤቱ ክፍት ሲሆን ነው። እስከዚያው ድረስ ግን በየትምህርት ቤቱ የሚገኙት ነባር የሳይንስና የሂሳብ መምህራን አዲስ መጪውን ባልደረባ በክፍላቸው ተቀብለው ቢያስተምሩት፣ አብነት ትምህርት ቤቱ ያውቀው የነበረውን ሥራ መልሰው ይጀምራሉ።